ባሕር ላይ ላለ ሰው

«ፎቶውን አይተሽዋል?» አለች አንደኛዋ ሴት ኩሽና ውስጥ ሆና።

«የትኛውን?»

«የመርከቡን ነዋ። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ የምትስቅበትን። እሱ እኮ ያን ሰዓት ሞቷል።»

«ተይ እንግዲህ፣ ትሰማለች።»

ሀሌታ ሰምታለች። ሳሎን መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከኩሽናው የሚለያት አንድ ባንኮኒ ብቻ ነው። ሴትዮዋ በክፋት እንዳልተናገረች ታውቃለች። ትናንት ከቀብር መልስ፣ የካዚኖ ሰደሪያዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የለቀስተኛውን ሳህን ሁሉ ስታጥብ ያመሸችው እሷ ናት። ፎቶውንም ሀሌታ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ከኋላዋ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከጉልላቱ ወዲያ ባሕር ነው፣ እሷ ደግሞ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ያንን ስትለጥፍ ባሏ መርሻ ሞቶ ሬሳው ተሸፍኖ ነበር። የነገራት አልነበረም። መርከቡ ወደብ እስኪመለስ፣ አውሮፕላኑም ላስ ቬጋስ እስኪያርፍ ድረስ የነገራት አልነበረም።

ልጇ ስጦታ በትሪ ስኒ ደርድራ፣ ፔርሙዙን በሌላ እጇ ይዛ መጣች። ለእንግዶቹ በተራ ከቀዳች በኋላ እናቷ ፊት ጎንበስ አለች።

«ማሚ፣ ቡና?»

ሀሌታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስጦታ ጥቂት ጎንበስ ብላ ቆየችና ስኒውን አጠገቧ ለተቀመጠችው ለእናቷ ጓደኛ ለብርቱካን ሰጠች። ብርቱካን ተቀብላ ሳትጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሀሌታ ከጉዞው ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። ይህን ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አይቷል፣ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

መርሻ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ካለ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ፀሐይ በማይገባበት ኩሽና ሌሊቱን ሲጋግር ያድርና ጎረቤት ለሥራ ሲነሣ እሱ ለመኝታ ይገባል። ሸሚዙ ቢታጠብም የቅቤና የእርሾ ሽታ አይለቀውም። ዝምተኛ ነው። አንድ አመል ነበረው፦ በትንሹም በትልቁም «ተቀየምሽኝ?» ይላል። ወጡ ላይ ጨው ቢያበዛ፣ ሲያንኮራፋ ውሎ ቢነግሩት፣ የልጁን የትምህርት ቤት ዝግጅት ተኝቶ ቢያመልጠው፣ ሥራ ቦታ ካለው ፊሊፒናዊ ባልደረባው ጋር ስለ ምድጃ ቢጨቃጨቅ፣ ሊለያዩ ሲሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። መልስ ካላገኘ ከበር አይወጣም። ሀሌታ ገና ሙሽራ እያለች ያስቃት ነበር፤ በኋላ ግን ሳታስበው «አልተቀየምኩህም፣ ሂድ» ማለት ለምዳ ነበር።

ለሃያ አምስተኛ የጋብቻ ዓመታቸው የመርከቡን ሁለት ቲኬት የገዛችላቸው ስጦታ ናት። ላስ ቬጋስ የተወለደችው አንድ ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ከያዘች ገና ዓመቷ ነበር። መርሻ ልጁን ግንባሯን ስሞ አመሰገነ። ቀኑ ሲቀርብ ግን ወደ ሀሌታ መጥቶ እንደማይሄድ ነገራት።

«ባሕር ላይ አልወጣም ሀሌቴ። ሌላ የፈለግሽውን በይኝ።»

«እስከ ዛሬ ሌላ ምን አልኩህ?»

ከመጋባታቸው በፊት፣ በልጅነቱ፣ ባሕር ኃይል እንደነበረ ታውቃለች። ከዚያ ያለፈውን አያወራም። ሌክ ሚድ ሐይቅ ለሽርሽር ሲሄዱ እንኳ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ሥጋ ሲጠብስ ነው የሚውለው። ግን ይህን ያህል ይሆናል ብላ አላሰበችም። አኮረፈች። ቲኬቱን ጓደኛዋ ብርቱካን ወሰደች።

የሄዱ ዕለት መርሻ ከሥራ እንደተመለሰ፣ ጫማው ዱቄት እንደለበሰ፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ ብርቱካን መኪና ውስጥ ጫነላት። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ተቀየምሽኝ?»

ሀሌታ አልመለሰችም። «ይሞቃል፣ ኤሲውን ክፈቺው» አለቻት ብርቱካንን፣ መስኮቱንም ዘጋችው። መኪናው ከግቢው ሲወጣ በጎን መስታወት አየችው። እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የተጻጻፉት «ደረሳችሁ?» እና «ደርሰናል» ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የነበረው ስምዖን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ስምዖን ከመርሻ ጋር አንድ መርከብ ላይ ያገለገለ፣ እዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከ።

«ሀሌታ፣ እህል አልቀመስሽም አሉኝ።»

ሀሌታ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እኔን ተቀየሚኝ፣ ልጅቷን ተያት። እሷማ ልትደውልልሽ ስልኩን አንሥታ ነበር። ከእጇ የቀማኋት እኔ ነኝ። አንቺ ራስሽ ስትደውይም አጠገቧ ነበርኩ። ተኝቷል በያት ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ባሕር ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። እኛ ጋ ሕጉ እንዲያ ነበር። ምድር ላይ ያለ ሰው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ዘመድ አፋፍሶ ይይዘዋል። መርከብ ላይ ያለ ሰው ግን የት ይሄዳል? ዙሪያው ውሃ ነው።»

«ደሴት ላይ ነበርኩ» አለች ሀሌታ። «መሬት ላይ ነበርኩ፣ ስምዖን። ብትነግሩኝ አውሮፕላን ማረፊያ አለው።»

ስምዖን አንገቱን ደፋ። «እሱን አላወቅኩም» አለ።

ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ስምዖን ግን አልተነሣም።

«መርሻም ላይ ተደርጓል» አለ ቀስ ብሎ። «እናቱ ሲሞቱ ቅኝት ላይ ነበርን። አዛዣችን ቴሌግራሙን ኪሱ ውስጥ ይዞት ከረመ። ምጽዋ ስንገባ ነው የነገረው።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ከዚያ በኋላ ግን ከትእዛዝ በቀር ሰውየውን አላናገረውም። አዛዡ ሊታረቀው ብዙ ለፋ። ሲጋራውን ያካፍለዋል፣ ፈረቃውን ያቀልለታል፣ መርሻ ፊቱን ያዞራል። በኋላ ጦርነቱ ምጽዋ ድረስ መጣ፣ መርከባችንም ተመታች። እኔና መርሻ ዋኝተን ወጣን። አዛዡ አልወጣም። ሲሰጥም መርሻ እያየው ነበር።»



«ለማንም አይናገርም» አለ ስምዖን። «ለኔ ብቻ፣ አንዳንዴ በመኪና ስንሄድ፣ ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ፣ 'ታርቄው ቢሆን ኖሮ' ይለኛል። ሌላ አይጨምርም።»

ሀሌታ ጉልበቷን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አመሉ ነው ስትለው የኖረችው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ያወቀችው ገና አሁን ነው። እሱ ጠይቋት ነበር። እሷ መስኮት ዘጋችበት።

ዓይኗን ስትጨፍን ደሴቱ መጣባት።

መርከቡ ከፀሐይ ጋር ነበር በገደሎቹ መካከል የገባው። የግሪኳ ደሴት የሳንቶሪኒ ገደል ቀጥ ያለ ነው፣ ቀይም ጥቁርም መስመር አለው፣ አናቱ ላይ ነጫጭ ቤቶች ከሩቅ በረዶ የወረደበት ይመስላሉ። መጀመሪያ በትንሽ ጀልባ ወደ እሳተ ገሞራው ወሰዷቸው። መሐል ባሕር ላይ ብቻውን የተቀመጠ ጥቁር ደሴት ነው፣ ዛፍ የለው ቤት የለው። አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት። ይህ ሁሉ ባሕር ድሮ ተራራ እንደነበረ፣ ፈንድቶ ሆዱ ባዶ ሲቀር መሐሉ እንደወደቀና ባሕሩ እንደገባበት አስረዳቻቸው።

ሀሌታ ተወልዳ ያደገችው መተሐራ ነው፣ ፈንታሌ ሥር። የቀለጠው ድንጋይ ቀዝቅዞ መንገድ ዳር የተከመረበትን ሜዳ አቋርጣ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። ጥቁሩ ጠጠር ጫማዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሣቀች።

«ብርቱካን፣ ይሄን ያህል ከፍለን መተሐራ አመጡን እኮ።»

አናቱ ላይ ሲደርሱ ከድንጋዩ ስንጥቅ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። እጇን ዘረጋችበት። ሞቅ ያለ ነው፣ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። ሲወርዱ ጀልባዋ ውሃው እንደ ዝገት ወደቀላበት ዳርቻ ወሰደቻቸው፣ ፈረንጆቹ እየዘለሉ ገቡ። እሷና ብርቱካን እግራቸውን ብቻ ነከሩ። ከዚያ በገመድ በሚጎተተው መኪና ወደ ከተማው ወጡ። ጠባብ መንገድ፣ ደረጃ፣ እንደገና ደረጃ፣ በየበሩ የተኛ ድመት።

ገደሉ አፋፍ ላይ የድንጋይ አጥር ነበር። ሀሌታ ተደግፋው ወደ ታች አየች። የመጡበት መርከብ ከሥር ቆሟል። ከተሳፈረች ጀምሮ ኮሪደሩ የሚጠፋት፣ ሊፍቱ የሚያምታታት ያ ሁሉ ፎቅ፣ ከዚያ ላይ የሩዝ ፍሬ አክሏል። ዙሪያውን ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ነው። ከዚያ የሩዝ ፍሬ ላይ አንድ ሰው ቢወድቅ ከዚህ ሆኖ ማን ያየዋል? የመርሻ መርከብ ከዚህ በብዙ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም። ሃያ ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። አዛዡን ያን ጊዜ አታውቅም፣ መስጠሙን አታውቅም፣ ግን አጥሩን እንደተደገፈች አንድ ነገር ገባትና አፈረች። የምታኮርፍበት ነገር አልነበረም።

ደወለችለት። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ስልኩ ያን ጊዜ ከጫማውና ከቀበቶው ጋር የሆስፒታል ፌስታል ውስጥ ነበር። ቀጥላ ስጦታ ጋ ደወለች፣ ባሕሩን ልታሳያት ካሜራውን አበራች። ልጅቷ አነሣች፣ ፊቷን ግን አላሳየችም።

«ምነው በዚህ ሰዓት ነቃሽ?»

«ኧርሊ ሺፍት ነኝ፣ ማሚ። እየነዳሁ ነው።»

«አባትሽ ስልክ አያነሣም።»

ስጦታ ትንሽ ዘገየች። ኔትወርኩ ነው ብላ ነበር ሀሌታ።

«ተኝቷል» አለች።

«ከሥራ በጊዜ ገብቷላ። አትቀስቅሺው፣ ደክሞት ነው። ሲነሣ ግን አልተቀየምኩህም በይው። እንዳትረሺ።»

«እሺ።»

«ምን በይው አልኩሽ?»

«አልተቀየምኩህም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

ፎቶውን የተነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። ልቧ ቀሏት ነበር፣ ሣቁም የመጣው ከዚያ ነው። ወደ መርከቡ ለመውረድ ወረፋ ይዘው ሳለ ብርቱካን ስልክ ተደወለላት። ዘወር ብላ አነጋገረችና የባንክ ሰዎች ናቸው አለች። ካፌ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«የዛ ድኝ ጭስ ነው» አለች፣ የሀሌታን እጅም ይዛ እስከ ጀልባው ድረስ አልለቀቀችም። ሀሌታ ከፍታው አስፈርቷት መስሏት ስታጽናናት ወረደች።

ከፎቶው ሥር ከቬጋስ ሰው አንድም ቃል የጻፈ አልነበረም። «ቀንተው ነው» ብላ ለብርቱካን አሳየቻት። ብርቱካን ወደ ሰገነቱ ወጣች። በመጨረሻው ምሽት ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ ሀሌታ ከአንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ጨፈረች። ብርቱካን ባሕሩ አዞረኝ ብላ ተቀምጣ ነበር የምታያት።

ቤቷ ወዳለበት ሎን ማውንቴን ሰፈር ሲደርሱ ረፋዱ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል። ጋራዡ ክፍት ነው፣ ጥቁር የለበሱ ወንዶች ቆመዋል፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ሀሌታ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ወደ ልቧ ቀድማ የመጣችው ልጇ ናት። ስጦታ፣ እየነዳሁ ነው ያለቻት። 

በዚህ መሐል ስጦታ ከቤት ወጣች። በእግሯ ቆማለች፣ በሕይወት አለች። ሀሌታ ደስ አላት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ያ ሁሉ ሰው ጥቁር ለብሶ እያያት፣ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ በሩ ላይ የጎደለው ማን እንደሆነ አየች።

ስጦታ ሮጣ ልታቅፋት ስትመጣ በሁለት እጇ ገፋቻት።

«ተኝቷል አልሽኝ» አለቻት። «ተኝቷል አልሽኝ።»

ያ የገፋው እጇ ነው እስከ ዛሬ ያላረፈው። ስለ ውሸቱ ይሁን ስለዚያች የአንድ ትንፋሽ ደስታ፣ እሷም ለይታ አታውቅም።

በማግሥቱ ሰልስት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሰዉ መኪና ውስጥ መግባት ጀምሯል። ብርቱካን ቤቱን ዞራ ስጦታን አጣቻት።

«ጓሮ ናት መሰለኝ» አለች። «ልጥራት?»

«ተዪው» አለች ሀሌታ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

ስጦታ ጓሮ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአጥሩ ወዲያ ብቻውን የቆመውን የድንጋይ ተራራ ታያለች። ጠዋቱ ገና ሳይጋግል ነው። የእናቷን እግር ስትሰማ ተነሥታ ቆመች።

«መኪና እየጠበቀ ነው» አለች ሀሌታ።

ስጦታ አልተንቀሳቀሰችም።

«ማሚ፣ ነግሬዋለሁ።»

«ማንን?»

«ዳዲን። ያልሽኝን። ሆስፒታል፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ እሱ ያለበት ክፍል ገባሁ። ጋሽ ስምዖን ውጭ ቆመ። ነርሷ ትንሽ ሰዓት ሰጠችኝ። ጆሮው ጋ ሆኜ ነገርኩት።»

ሀሌታ የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

«ምን ብለሽ?»

«እንዴት እንደሚቀየር አላወቅኩም።» ስጦታ በእንግሊዝኛ ልትቀጥል አፏን ከፍታ መልሳ ወደ አማርኛ መጣች። «አንቺ ስትይ አልተቀየምኩህም ነው። እኔ ስለ አንቺ ስናገር ምን ይሆናል? አልተቀየመ… ምናምን። ማንን ልጠይቅ? ስህተት እንዳልናገር ፈራሁ። ስለዚህ አንቺ እንዳልሽው አልኩት። 'አልተቀየምኩህም።' ደጋግሜ አልኩት። በአንቺ ድምፅ ለማድረግ ትራይ አደረግሁ።»

ጋራዡ በኩል የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። 

«ሰምቶሻል?»

ስጦታ ራሷን ነቀነቀች። «አይ። እኔ ስደርስ ሞቶ ነበር፣ ማሚ። ሥራ ላይ ነው የወደቀው። ጆሮው ቀዝቃዛ ነበር። አውቃለሁ፣ አልሰማም። ግን ለአንቺ እሺ ብዬ ነበር።»

ሀሌታ የልጇን እጅ አየች።

«ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረ» አለች ስጦታ። «እዚህ ጋ። በእጄ ጠረግኩለት። ከዛ ሰዎቹ ወሰዱት። በኋላ አሰብኩ፣ አንቺ እስክታዪው መተው ነበረብኝ እንዴ?»

ሀሌታ መርሻን ያየችው ታጥቦ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ፊቱ ላይ የእሱ ያልሆነ ቀለም ተቀብቶለት ነው። ፀጉሩን እንኳ ወደማያበጥረው ጎን አበጥረውለት ነበር። ከሥራ እንደሚመጣው ሆኖ፣ ዱቄቱ እንዳለ፣ ያየችው ይህች ልጅ ብቻ ናት። ብቻዋን አይታው፣ ብቻዋን ጠርጋለት፣ ከዚያ ወዲህ ስኒ ስታቀርብ ነው የሰነበተችው። ለቀስተኛው ሁሉ እናቷን ሲያቅፍ፣ እሷ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

ለቤተ ክርስቲያን ብላ የሰው ነጠላ ለብሳለች። እንዴት እንደሚለበስ ያሳያት አልነበረም፤ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ጥለቱን ወደ ታች ጥላዋለች።

ሀሌታ ወደ ልጇ ቀረበች። ነጠላውን ከትከሻዋ ላይ አነሣችና አንዴ አራገፈችው። ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ አደረገችው፣ አባቷ እንደሞተባት ልጅ አለበሰቻት፣ ጫፉንም ደረቷ ላይ አሻግራ አገጯ ሥር አጠጋችላት። እጇን ከዚያ አላነሣችም።